ለመሃል አዲስ አበባ ግቢ የትኛው ትልቅ ዶሮ ይሻላል? ከነጠባያቸው ሲነጻጸሩ

መሃል ከተማ ላይ ትልልቅ ዶሮ ማርባት ያማረው ሰው መጀመሪያ «ስንት ኪሎ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ «ስንት እንቁላል ትጥላለች?» ይላል። ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት ጠባዩን ጠይቁ እላለሁ።

ምክንያቱ ቦታው ነው። በመሃል ከተማ ነባር ሰፈሮች ግቢ ሲባል ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ደጅ ላይ የሚሯሯጡ ሕፃናት፣ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ እማማዎች አሉ። አምስት ኪሎ የሚመዝን ዶሮ እዚህ መሃል ሊኖር ነው። ገጠር ላይ ቁጡ አውራ ዶሮ የሚሄድበት ሜዳ አለው። እዚህ ግን የሚጣላው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው፤ ጠቡም ከዶሮው አልፎ ወደ እናንተ ይመጣል።

የማነጻጽራቸው ዘራቸውን የሚተኩ ነባር ዝርያዎች ናቸው። ብራህማ ከብራህማ ጋር ከተገናኘ የሚፈለፈለው ብራህማ ነው። ሳሶና ቦቫንስ ብራውን እንዲህ አይደሉም። ሆን ተብሎ ከተለያየ የዘር መስመር የተዳቀሉ ስለሆኑ ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን ምርት አይደግሙም። ለንግድ ከሆነ ሂሳቡ ወደ እነሱ ያደላል፤ ሳሶ ቶሎ ሥጋ ይይዛል፣ ቦቫንስም እንቁላል ላይ የሚደርስባት የለም። ጓሮ ላይ ለዓመታት የሚቆይና ራሱን የሚተካ ዶሮ ለሚፈልግ ግን ነባሮቹ ይሻላሉ። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይኖራሉ።

ብራህማ

ስለ ትልልቅ ዶሮ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ብራህማ ነው። በዝርያው መለኪያ አውራው 5.4 ኪሎ፣ ሴቷ 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከቻይና፣ ከሻንጋይ ወደብ ወደ አሜሪካ የተጫኑ ትልልቅ ዶሮዎች ናቸው። ዝርያው መልክ የያዘው እዚያው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ጆርጅ በርንሃም የተባለ አሜሪካዊ አርቢ ለንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ላከላት፤ ከዚያ በኋላ ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ጣራ ነካ።

ጠባዩ ረጋ ያለ ነው። ሲራመድ እንኳ አይቸኩልም። ሴቷን ከጎን ቀስ ብላችሁ ቀርባችሁ አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አስገቡ፤ ሌላውን ክንፏ ላይ አሳርፉ። የለመደች ከሆነች አትንፈራገጥም። ክብደቷን እጃችሁ ላይ ጥላ ዝም ትላለች። ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጣታችሁ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሥጋዋን የምታገኙት ከጠበቃችሁት በታች ነው። ስታዩዋት የምታክለውና ስትይዟት የምትመዝነው የሚለያየውም ለዚህ ነው። ሻጭ በመልክ ብቻ ኪሎ ሲነግራችሁ ይህን አስታውሱ።

ብርድ አያስጨንቃትም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእኛ ጋቢ ያስፈልገዋል፣ ለብራህማ ግን ልኳ ነው። ችግሯ ክረምት ነው። እግሯ እስከ ጣቷ ድረስ ላባ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግቢው ሲጨቀይ ጭቃው ላባው ላይ ይጋገርና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። በኃይል ከተጎተተ ላባው ከነሥሩ ይነቀላል፣ ይደማል፤ ደም ያዩ ሌሎች ዶሮዎች ደግሞ መንቆር ይጀምራሉ። ስለዚህ በለብ ያለ ውኃ አርሶ ማሟሟት፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። የሚሻለው ግን ቀድሞ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ አንጥፎ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ከላባው ሥር ቅንቅን እንደልቡ ስለሚደበቅ በየሳምንቱ እግሯን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ ሻካራ ከሆነ ቫዝሊን ጥቅጥቅ አድርጎ መቀባትና መደጋገም ይረዳል፤ ነፍሳቱ አየር ያጥራቸዋል።

ትዕግሥትም ትጠይቃለች። እንቁላል የምትጀምረው 7 ወር ገደማ ሲሆናት ነው። ከጀመረች በኋላ በሳምንት 3 ያህል ትጥላለች። ሙሉ ቁመናዋ ላይ ለመድረስ ዓመት አይበቃትም።

ኦርፒንግተን

እኔን አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ለጋራ ግቢ የምመርጠው ኦርፒንግተንን ነው። ዊሊያም ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው ዝርያ ነው፤ ስሙም ከኬንት አውራጃ ከኦርፒንግተን ከተማ የመጣ ነው። አውራው 4.5፣ ሴቷ 3.6 ኪሎ ገደማ ናቸው። ከብራህማ አነስ ይላሉ፤ ግን ለመሃል ከተማ ይህ ጉዳት አይደለም።

ጠባይዋ የብራህማን ያህል ለስላሳ ነው። እንዲያውም ወደ ሰው መቅረብ ትወዳለች። ጎመን የሚከትፍ ሰው ካየች እግሩ ሥር ተጠግታ ትጠብቃለች። እግሯ ላባ ስለሌለው ክረምቱ ቀለል ይላታል። በሳምንት 3 ወይም 4 እንቁላል ትሰጣለች። ወፍራም ስለሆነች አጥር ዘላ ጎረቤት አትገባም፤ መሃል ከተማ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደካማ ጎኗም ከዚሁ ጠባይዋ የሚመጣ ነው። ስትነቆር አትመልስም። ከቁጡ ዶሮ ጋር ከተቀላቀለች ከመኖው ትገፋለች፣ ጥግ ይዛ ትቀራለች፣ ትከሳለች። ላባዋ ብዙ ስለሆነ መክሳቷን በዓይን አታዩትም። የደረቷን አጥንት ዳስሳችሁ ከሆነ እንጂ።

ኮቺንና ጀርሲ ጃያንት

እነዚህን በአጭሩ ላንሳቸው። ኮቺን ከሁሉም የዋህ ናት። አውራው 5 ኪሎ፣ ሴቷ 3.9 ኪሎ ገደማ ይደርሳሉ። ነገር ግን ማቀፍ ትወዳለች፤ ባቀፈች ቁጥር ደግሞ እንቁላል ይቆማል። የእግሯ ላባ ከብራህማም ይብሳል። ለውበትና ለልጆች ጓደኝነት ካልሆነ በቀር ለክረምታችን አልመክራትም።

ጀርሲ ጃያንት አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የወጣ ዝርያ ሲሆን ከነባሮቹ ሁሉ ግዙፉ ነው። አውራው 5.9፣ ሴቷ 4.5 ኪሎ ናቸው። ጠባዩ መልካም ነው። ግን መጀመሪያ አጥንቱን ሠርቶ ሥጋውን በኋላ ነው የሚሞላው፤ ለብዙ ወራት የምትቀልቡት አጥንት ነው ማለት ይቻላል። ሰፊ ጓሮ ያለው ይሞክረው። ሁለት ክፍል ቤትና አንድ በረንዳ ላለው ግን አይሆንም።

ሮድ አይላንድ ሬድ

ይህ ቀይ ዶሮ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በግብርና ኮሌጆችና በልማት ፕሮግራሞች በኩል ለአርሶ አደሩ ቀደም ብለው ከተሰራጩት የውጭ ዝርያዎች አንዱ ነው። አውራው 3.9፣ ሴቷ 2.9 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሴቶቹ ታታሪዎች ናቸው፤ ይጭራሉ፣ ያገኙትን ይበላሉ፣ እንቁላል ላይም ከከባዶቹ ሁሉ ይበልጣሉ።

ጠባያቸው ግን ቆራጥ ነው። ሴቶቹ ከኦርፒንግተን ወይም ከኮቺን ጋር ከተቀላቀሉ ይነግሡባቸዋል። አውራዎቹ መካከል ደግሞ ሰው ላይ የሚዘሉ ቁጡዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥማሉ። ሁሉም እንዲህ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ሕፃን ባለበት የጋራ ግቢ የሮድ አይላንድ አውራ ይዞ መግባት ነገር መፈለግ ነው። ሴቶቹን ብቻ፣ እርስ በርሳቸው ብቻ ብታረቡ ያዋጣል።

ኮኮክ

ኮኮክ የወጣው ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቼፍስትሩም ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። እኛ ዘንድ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ተሰራጭቷል። መልኩ ገብስማ ስለሆነ ገበያ ላይ ዓይን ይገባል። አውራው ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ፣ ሴቷ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ይደርሳሉ። ከብራህማ ጋር ለቁመና አይወዳደርም፤ ግን ያለን አየርና ያለን መኖ ለምዶታል።

ጠባዩ መሃል ላይ ነው። እንደ ኦርፒንግተን አይለጠፍባችሁም፣ እንደ ሮድ አይላንድ አውራም አይፈታተናችሁም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ገና ጫጩት ሳለ ጾታው መለየቱ ነው። ወንዱ አናቱ ላይ ነጭ ምልክት ጎልቶ ይታያል፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። አውራ ዶሮ የማይፈቀድበት ግቢ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል። ብራህማ ላይ ግን ወንድ ይሁን ሴት እርግጠኛ ለመሆን ወራት መጠበቅ አለባችሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ዓይናችሁን ጥላችሁበት ስም አውጥታችሁለታል።

የሀበሻ ዶሮስ?

ትልቅ አይደለም። ግን ከዚህ ንጽጽር ሊቀር አይገባም። የነባር ዘር ነገር ከተነሳ የእኛው ከማንም የቆየ ነው። ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ቦታ በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደብ ነው፤ በአፍሪካ ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። የሆሮ ዶሮ ደብረ ዘይት ላይ በምርጫ ዘሩ ሲሻሻል ቆይቷል። የጎጃሙ ጥሊሊ ደግሞ ከሀገር ውስጦቹ መካከል በቁመናው የሚጠቀስ ነው።

የሀበሻ ዶሮ ንቁ ናት። ጭልፊት ሰማይ ላይ ስታይ ከብራህማ ቀድማ ትጮኻለች። ትበራለች፤ የግንብ አጥር ለእሷ ምንም አይደለም። መያዝ አትወድም። በገበሬ አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ጫጩት ስታሳድግ ግን የሚተካት የለም። ድመት ላይ ትዘላለች፣ ውሻ ታባርራለች፣ ሰውም አትፈራም። ስለዚህ ልጆች ከምታሳድግ ዶሮ እንዲርቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

እንደ እኔ ሐሳብ መሃል ከተማ ላይ ከባድ ዝርያ የሚያረባ ሰው አንድ የሀበሻ ዶሮ ቢጨምር ብልህ ነው። ብራህማና ኮቺን ራሳቸው ያቅፋሉ። ሆኖም ክብደታቸው እንቁላል ይሰብራል፣ ጫጩትም ይረግጣሉ። የሀበሻዋ ቀላል ናት። ማቀፍ ስትጀምር ሰውነቷ የሚሸፍነውን ያህል የብራህማ እንቁላል በማታ ሥሯ ብታስገቡላት 21 ቀን በትዕግሥት ተቀምጣ ታስፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ሁለትና ሦስት ወር ሲሆናቸው እናታቸውን በቁመት መብለጥ ይጀምራሉ፤ እሷ ግን ገና ትጠራቸዋለች።

አውራ ያስፈልጋል?

ለእንቁላል አያስፈልግም። ሴቶቹ ያለ አውራም ይጥላሉ፤ የማይፈለፈል እንቁላል ነው እንጂ። ስለዚህ ጫጩት ካልፈለጋችሁ ሦስት አራት ሴት ይዛችሁ በሰላም ኑሩ። አውራ ጎህ ሲቀድ ብቻ የሚጮህ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ ቀትርም ይጮኻል። ማታ ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ጎረቤት ካለ ቀድማችሁ ብታማክሩት ነውር የለውም። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩንም ጭምር።

ጫጩት ከፈለጋችሁ ለከባዶቹ አንድ አውራ ለ8 ሴት ገደማ ይበቃል። ሲመርጡ ግን የአባቱን ጠባይ እዩ፤ ቁጣ በዘር ይወርዳል። የሚፈታተን አውራ አስቀድሞ ይታወቃል። አንዱን ክንፉን ወደ መሬት ይጥላል፣ በጎን በጎን እየተራመደ ይጠጋችኋል፣ አንገቱ ላይ ያለው ላባ ይቆማል። ይህን ሲያደርግ አትሩጡ፤ አትምቱትም። ሩጫ ማሸነፉን ይነግረዋል፣ ዱላም ጠብ ያስተምረዋል። ቆማችሁ ጠብቁት፣ ረጋ ብላችሁ ወደ እሱ ተራመዱ፣ እስኪሸሽ ድረስ መንገዱን አትልቀቁለት። ሳምንታት አልፈው ካልተሻሻለ፣ በተለይ ልጅ ላይ ከዘለለ፣ አትሟገቱለት። የሕፃን ዓይን ከዶሮ ጥፍር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። ዶሮ ወጥ የሚሠራበት በዓል አይጠፋም፤ የአምስት ኪሎ ዶሮ 12 ብልት ደግሞ ሁለት ድስት ይሞላል።

ቤትና መኖ

ከባድ ዶሮ ከፍ ያለ ቆጥ አይስማማውም። ሲወርድ እግሩን ይጎዳል፣ መርገጫው ያብጣል፣ መግልም ይይዛል። ቆጡ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እንጨቱም ሰፋ ያለ ቢሆን ይበቃል። ለሀበሻዋ ግን ከፍ ያለ ቆጥ ጨምሩላት፤ ዝቅ ካለ ዛፍ ላይ ትወጣለች። ቤቱ ማታ በደንብ ይዘጋ። መሃል ከተማ ላይም ሸለምጥማጥ አለ፣ ድመትና አይጥም ለጫጩት አይመለሱም።

መኖው ላይ ልዩነቱ ኪስ ይነካል። የሀበሻ ዶሮ ግማሹን ራሷ ጭራ ታገኛለች። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም አካባቢ ትበላለች። ብራህማና ጀርሲ ጃያንት 150 ግራምና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ጎመንና ፉርሽካ ሆድ ይሞላሉ፤ ግን እነሱ ብቻ ከሆኑ እንቁላሉ ይቀንሳል። የተመጣጠነ መኖ ዋናው ይሁን፣ የኩሽና ትርፍራፊ ደግሞ ተጨማሪ። የከባዶቹ ሌላ ጠንቅ ስብ ነው። ስለማይሯሯጡ በቆሎ ሲበዛባቸው ይወፍራሉ፣ ከወፈሩ በኋላ ደግሞ እንቁላል ይቀንሳሉ።

ስትገዙ

ብዙ ድቅል ዶሮ «ንጹህ ብራህማ» ተብሎ ይሸጣል። አናቱን እዩ። የብራህማ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አጭር ነው፣ ሦስት ረድፍ ሆኖ የተደረደረ። እግሩ ላባ ኖሮት አናቱ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነጠላ ቀይ ሥጋ ከቆመ ኮቺን ወይም ድቅል ነው። ኦርፒንግተን ቆዳው ነጭ ነው፤ እግሩ ላይ ላባ ካለ ንጹህ አይደለም። ጀርሲ ጃያንት እግሩ ላባ የለውም፣ መርገጫው ከሥር ቢጫ ነው።

ከዚያ ጠባዩን ፈትኑ። ሻጩ ራሱ ዶሮውን እንዲይዘው ጠይቁ። ሲይዘው የሚያሳድድ፣ ጥግ የሚያስገባ፣ በክንፍ የሚያንጠለጥል ከሆነ ያ ዶሮ እጅ አለመደም። ጫጩት እያለ በየቀኑ የተያዘ ዶሮ አድጎም ይረጋጋል፤ ካደገ በኋላ ማላመድ ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። ጫጩት የምትገዙ ከሆነ ከመስከረም በኋላ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጀሪካን ሌሊቱን ያሻግራል።

የፈንግል ክትባት መቼ እንደተሰጠ ጠይቁ። ትልቅ ዝርያ ነው፣ ጠንካራ ነው የሚባለው ለፈንግል አይሠራም፤ አንድ ግቢ በሳምንት ባዶ ያደርጋል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፣ በአቅራቢያችሁ ያለ የእንስሳት ሐኪም ይረዳችኋል።

አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ እንደመጣ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ። ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ ቢያስነጥስ፣ ኩሱ ቢቀጥን እዚያው ታዩታላችሁ። ከዚያ ለጥቂት ቀን በሽቦ አጥር ተለይተው ይተያዩ። ሲቀላቀሉ መኖውንና ውኃውን ሁለት ቦታ አድርጉ፣ ደካማዋ የምትበላበት እንዳታጣ። መናቆር አይቀርም። ደም እስካላያችሁ ድረስ ጣልቃ አትግቡ። ደም ካያችሁ ግን የተነቆረችውን ወዲያው ለዩ፣ ቁስሉ እስኪደርቅም አትመልሷት። ስትመልሷት ለብቻዋ አትግባ፤ ከቁጡዎቹ አንዷን ለሁለት ሦስት ቀን ከመንጋው አውጡና ቦታ ልቀቁላት።